ሦስት ጓጉንቸር ለአንድ በር

እትዬ ቁልፌን የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ በሩን ቆልፎ አያውቅም። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር፤ በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ባሏ ሞቶ ቁልፍ ቤቱን ስትረከብ «ሴትና ሞርሳ ምን አገናኛቸው?» ያሉ ነበሩ። እነዚያው ሰዎች ዓመት ሳይሞላ በራቸው ተዘግቶባቸው፣ ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ፣ በነጠላ ጫማ ሱቋ ድረስ እየሮጡ «እትዬ፣ የኔ እመቤት፣ ድረሽልኝ» ሲሉ ተሰምተዋል። እሷም ቂም የላትም። ሣጥኗን አንጠልጥላ ትሄዳለች፣ በሩን በሁለት ደቂቃ ትከፍታለች፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ታወራለች። ሥራዋን የሚያማ ሰው የለም፤ ወሬዋን ግን ያልተማረረበት የለም።

ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው። በግራ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ፣ በቀኝ የመቅረጫ ማሽኑ፣ ግድግዳው ላይ በየምስማሩ የተንጠለጠሉ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች። ከጀርባ ባለችው አንዲት በር ወደ መኖሪያ ቤቷ ይገባል፤ እዚያ አማቷ አሉ። አማቷ ሰማንያን ተሻግረዋል። እግራቸው ከወንበር አልፎ አይሄድም፤ ጆሯቸው ግን ሱቅ ውስጥ የሚንሾካሾከውን ሁሉ ለቅሞ ይይዛል፤ አስተያየታቸውም ሳይጠሩት ይመጣል።

በዚህ ቤት ውስጥ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጇ። ጦርነቱ በተጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ኮረብታው ላይ የሰፈሩት ተዋጊዎች ከአውቶቡስ አውርደው ወሰዱት። ሰው እነዚያን «ዳገቶች» ይላቸዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ተቀናቃኞቻቸውን ደግሞ «ሜዳዎች»። ሁለቱም የየራሳቸው ረጅም ስም ነበራቸው፤ ግን ማን በዚያ ሁሉ ቃል ይደክማል? ልጁ ከተወሰደ በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል ይኑር ይሙት አልታወቀም። እትዬ ቁልፌም መሳቋን አልተወችም፤ አማቷ ብቻ ናቸው ሳቋ ውስጡ ባዶ መሆኑን የሰሙት።

ከዚያ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፣ ታዛቢዎቹም መጡ። ከአምስት አገር የተውጣጡ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ነጭ መኪናና ብዙ ደብተር አላቸው፤ አንድም ጠመንጃ የላቸውም። ከተማው ሳቀባቸው። «ጠመንጃ የሌለውን ዳኛ ማን ይፈራዋል?» ተባለ። አለቃቸው ሱቅ ሲገባ በበሩ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ሲሆን ያየውን ሁሉ ይቆጥራል። የቆሙ መኪናዎችን ይቆጥራል፣ የወታደር ድንኳን ይቆጥራል፣ ደረጃ ሲወጣ ደረጃውን ይቆጥራል። በሁለተኛው ሳምንት «ቆጣሪው» ተብሎ ቀረ። ቋንቋ የሚያስተረጉሙለት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ከተማው ጋሼ ይላቸዋል፤ ግማሹን ሕዝብ በአለንጋ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ስምምነቱ እንዲህ ይላል፦ የሁለቱም ወገን ከባድ መሣሪያ በከተማው ዳር ባለው በድሮው የጥጥ መጋዘን ይግባ፣ በሩም በሦስት ጓጉንቸር ይቆለፍ፤ አንዱ ቁልፍ ለዳገቶች፣ አንዱ ለሜዳዎች፣ አንዱ ለታዛቢዎች። በሩ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ሦስቱም ባሉበት ይከፈት፣ መሣሪያው ይቆጠር፣ ይዘጋ። ስድሳ ቀን እንዲህ ካለፈ፣ በግድ የተወሰዱ ልጆች ሁሉ ወደየቤታቸው ይለቀቁ። በመሃል ስምምነቱ ከፈረሰ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ታዛቢዎቹ ከውጭ ያመጧቸው ሦስት የሚያብረቀርቁ ጓጉንቸሮች ነበሯቸው። የዳገቶቹ ተወካይ ሻምበል አየት አደረጋቸውና «የነዚህ ቁልፍ ስንት ቅጂ ባገራቸው እንደቀረ በምን አውቃለሁ?» አለ። የሜዳዎቹ ተወካይ መቶ አለቃ «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ሰውዬ ጋር ተስማማሁ» አለ። ሁለት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱም የተቀበሉት አንድ ነገር ተገኘ፦ የሁለቱም እናቶች ቤት የተቆለፈው በእትዬ ቁልፌ እጅ ነው። እሷ ትሥራው ተባለ። ቆጣሪውም ሱቋ ገባና፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቁልፎች ቆጥሮ ሲያበቃ፣ በጋሼ በኩል ጠየቃት።

«ለነገ ጧት ይደርሳል?»

«ለማታስ ቢሆን?» አለች። ጉራዋ ነው ጉድ ያፈላው።

የእትዬ ቁልፌ አሠራር ከባሏ የተማረችው ነው። ማንኛውንም ጓጉንቸር ስትገጥም ውስጡ ያሉትን፣ ቁልፍ ሲገባ የሚነሡትን ትናንሽ የብረት ፒኖች መጀመሪያ በአንድ ዓይነት አደራደር ትደረድራለች፤ ለዚያ አደራደር የሚሆን የሙከራ ቁልፍ አላት፣ ስድስት ቅጂ። ሞላው ይመልሳል? ምላሱ ይይዛል? በሙከራ ቁልፉ ታየዋለች። ካማራት በኋላ ፈትታ፣ ፒኑን በወረንጦ አውጥታ፣ ለዚያ ጓጉንቸር ብቻ በተቀረጸው በራሱ ቁልፍ ልክ እንደገና ትደረድራለች። በዚያ ቀንም እንዲሁ አደረገች። ሦስቱን እውነተኛ ቁልፎች፣ የማይመሳሰሉትን፣ ቀርጻ በወረቀት ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አኖረች። ሦስቱን ጓጉንቸሮች ገጥማ፣ በየአፋቸው የሙከራ ቁልፍ ሰክታ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። የቀረው ፒኑን መለወጥ ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤቷ ዳቦ ሻጩ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «እትዬ! ዝርዝሩ ተለጠፈ!» ብሎ ጮኸ።

ታዛቢዎቹ በየካምፑ እየዞሩ በሕይወት ያሉትን ልጆች ስም ጽፈው ነበር። ዝርዝሩን ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። እትዬ ቁልፌ በቱታዋ፣ ወረንጦዋን በእጇ እንደያዘች በረረች። ሰውን በክርኗ እየገፋች ገባች፤ ከላይ ወደ ታች አነበበች፤ አርባ ሰባተኛው መስመር ላይ ልጇ አለ። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ዕድሜው፣ «በሕይወት አለ»። ጣቷን ስሙ ላይ አደረገችና አላነሳችም። ከኋላ ያሉት «እትዬ፣ እኛም ልጅ አለን!» እያሉ ጎትተው አወጧት።

ስታለቅስ ስትስቅ ሱቋ ስትደርስ ጓጉንቸሮቹን ሊወስድ የመጣው ነጩ መኪና ደጅ ቆሟል። ልቧ ባለበት የለም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጓጉንቸር፣ በየአፋቸው ሦስት ቁልፍ። አንዱን አዞረችው፤ ቀጭ! ሁለተኛውንም፤ ቀጭ! ሦስተኛውንም እንዲሁ። እንደ ማር ነው የሚዞሩት። ለዳገቶች ቀይ ክር፣ ለሜዳዎች አረንጓዴ፣ ለታዛቢዎች ነጭ ክር በየቁልፉ አሰረችና አስረከበች። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሷ ማፍሰሷንም አላወቀችም።

ሳምንታት አለፉ። በየሳምንቱ ሦስቱ ወገኖች መጋዘኑን ይከፍታሉ፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ይዘጋሉ፤ ከዚያ ቆጣሪው በመቆለፊያው ቀለበት ላይ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ ቁጥሩን በሦስት ደብተር ያስጽፋል። ከተማው መሳቁን ተወ። ዳቦ ሻጩ በሱቁ መስታወት ላይ በየቀኑ የቀኑን ቁጥር በኖራ መጻፍ ጀመረ።

በአርባ አንደኛው ቀን እትዬ ቁልፌ የጠፋ ሞላ ፍለጋ መሳቢያዋን ስትበረብር የወረቀት ጥቅል አገኘች። ፈታችው። ሦስት ቁልፍ፤ አዲስ፣ የማይመሳሰሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጓጉንቸር ያልነኩ። ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ሣጥኑ ላይ ዘፍ አለች።

«ምን ወደቀ?» አሉ አማቷ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ተሰበርሽ?»

«ብሰበር ይሻል ነበር።»

ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው። የመጋዘኑ ሦስት ጓጉንቸሮች አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ዳገቶች ቢፈልጉ ብቻቸውን፣ ሜዳዎችም ቢፈልጉ ብቻቸውን ከፍተው ሁሉንም መሣሪያ ጠራርገው ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ የፕላስቲኩን ማሰሪያ ደግሞ ቢላ የያዘ ሁሉ እንደሚበጥሰው። አሮጊቷ እያዳመጡ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ።

«ስንት ቀን ቀረው ለልጄ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ማን ያውቃል ይሄን?»

«እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያው ዝም አይነቅዝም። ያን ሁሉ አፍ ስትዘጊ የኖርሽ ሴት የራስሽን መዝጋት ያቅትሻል? አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው ልጄ። ከዚያ እንደፈለግሽ ለፍልፊ።»

«ነገ ጧት አንዱ ቢያውቅስ? ከፍተው ቢገቡስ? ጦርነቱ ቢመለስ እሱ የት ነው ያለው እማማ? ፊት ለፊት፣ ግንባሩ ላይ ነው።»

አማቷ፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እንደ ሕፃን እያለቀሱ «ብትናገሪም ልጄ ይቀርብኛል፣ ዝም ብትይም ይቀርብኝ ይሆናል» አሉ። እትዬ ቁልፌ አቀፈቻቸው። እሷንም ያስፈራት ይኸው ነበር፤ ልጇን በገዛ እጇ ልታስቀረው ነው። ግን በየቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለው የሷ ሥራ ነው፤ ሰው ተማምኖ የሚተኛው በሷ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ጥቅሉን ኪሷ ከተተችና ወጣች።

የታዛቢዎቹ ቢሮ የቀድሞ የጥርስ ሐኪም ቤት ነበር፤ ቆጣሪው የሚቀመጠው የሐኪሙ ወንበር ከነበረበት ቦታ ነው። እሷ ስትናገር ጋሼ እያስተረጎሙ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ጨርሳ ሦስቱን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቆጣሪው ቆጠራቸው፤ ሦስት ነገርን ምን አስቆጠረው? ድንጋጤ ነው።

«ማታ በድብቅ ልለውጣቸው» አለች። «ማንም ሳያይ። አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

ቆጣሪው ረጅም ጊዜ መስኮቱን ሲያይ ቆየና መለሰ፤ ጋሼም አስተረጎሙ። «ወታደር የለኝም፣ ጠመንጃ የለኝም። እዚህ አገር ያለኝ ንብረት አንድ ነው፤ ‹አየሁ› ስል ሁለቱም ያምኑኛል። አንድ ጊዜ ከደበቅኩ እሱም የለኝም ይልሻል።» ጋሼ ትንሽ ቆም ብለው ከራሳቸው ጨመሩበት፦ «ልጅሽም እዚያ እንዳለ ነግሬዋለሁ። ያውቃል።»

«ምን አለ?»

«ለዚህ ነው መስኮቱን ያየው።»

የታዛቢዎቹ ደንብ እንዲህ ያለ ነገር ለሁለቱም ወገን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ይነገር ይላል፤ አንዱ ቀድሞ ከሰማ ታዛቢው አድልቷል ማለት ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሻምበሉም መቶ አለቃውም መጋዘኑ በር ላይ ተጠሩ። እትዬ ቁልፌ ሣጥኗን ይዛ በመካከላቸው ቆመች፤ ከሁለቱም የምታንስ፣ ከሁለቱም የምትወፍር ሴት። ቆጣሪው መጀመሪያ የማሰሪያውን ቁጥር ከሦስቱም ደብተር ጋር አመሳከረ። ልክ ነው፤ አልተነካም። ከዚያ የተጻፈውን ወረቀት ለጋሼ ሰጠ፣ ጋሼም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ሦስቱ ጓጉንቸሮች በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይከፈታሉ። ስህተቱ የሠሪዋ ነው። ራሷ መጥታ ተናገረች።

እትዬ ቁልፌ «አሁን ይጯጯሃሉ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ጩኸት ግን አልመጣም። ሻምበሉ ጫማውን ያያል። መቶ አለቃው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ሻምበሉ ቀስ ብሎ ቡጢውን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ያለው ቁልፍ ክሩ አረንጓዴ ነው፤ የሜዳዎች።

«ይሄ ደግሞ እንዴት አንተ ጋ ተገኘ?» አሉ ጋሼ፣ ተርጓሚነታቸውን ረስተው።

መቶ አለቃውም የራሱን ዘረጋ። ቀይ ክር።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ቆጠራ ላይ ዝናብ ነበር። ሁለቱ ቁልፋቸውን መኪናው ላይ አስቀምጠው ሲፈርሙ፣ ሲቻኮሉ ተለዋወጡ። ሁለቱም ያዩት ካምፓቸው ከገቡ በኋላ ነው። «ቁልፌን ጠላት ወሰደው» ብሎ ማን ያመለክታል? በሚቀጥለው ሳምንት ሻምበሉ አረንጓዴውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ልቡ እየዘለለ፣ ወደ ራሱ ጓጉንቸር ከተተው። ከፈተ! ከጎኑ ደግሞ መቶ አለቃው በላብ ተጠምቆ ቀዩን እያዞረ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓጉንቸሮቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ሌላው አላወቀም ብለው ያስባሉ፣ ያን ያህል የሚቆጥረው ቆጣሪም የክር ቀለም መቁጠር አልታየውም።

«ታዲያ ለምን አልከፈትክም?» ብሎ ጠየቀ ቆጣሪው ሻምበሉን። ድምፁ የምርመራ አልነበረም፤ እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው።

«በየማለዳው ሦስት መቶ ልጅ ‹ስንት ቀን ቀረን?› ይለኛል» አለ ሻምበሉ። «ከፍቼ ምን ልላቸው? እንደገና አንድ በሉ ልበላቸው?»

«እኔ ለምክትሌም አልነገርኩም» አለ መቶ አለቃው። «ምክትሌ ጀግና ነው። ለጀግና ቁልፍ አይሰጥም።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው። ከዚያ ሻምበሉ። ቆጣሪው ትርጉሙ ዘግይቶ ስለደረሰው ሌላው ሁሉ ሲያበቃ ብቻውን ሳቀ፤ ሰው ሲስቅ ያየው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሳቁ ግን ቀኑን አላተረፈም። ያለፉት ቀናት ይቆጠሩ ወይስ ከአንድ ይጀመር የሚለውን ቆጣሪው ብቻውን አይወስንም። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቆ፣ ቃላቸውን አስፈርሞ፣ በሬዲዮ ወደ የበላይ አለቆቹ ላከው። አንድ ሰዓት ተጠበቀ። እትዬ ቁልፌ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሙሉ ሰዓት አንድም ቃል አልወጣትም። ሻምበሉ ውኃ አመጣላት። መቶ አለቃው «እትዬ፣ የናቴ በር እስካሁን አስተማማኝ ነው?» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

መልሱ መጣ። ማሰሪያው ስላልተነካ፣ ሁለቱም ወገን ጥሰት አይደለም ብሎ ስለፈረመ፣ ቀኑ ይቀጥል። ግን ጓጉንቸሮቹ አሁኑኑ፣ በሁሉም ፊት ይስተካከሉ፤ የሆነውም ሁሉ፣ የሠሪዋ ስህተት ጭምር፣ ሳይቀነስ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

«ይለጠፍ!» አለች እትዬ ቁልፌ፣ እንባዋን በቱታዋ እጅጌ እየጠረገች። «በትልቁ ይጻፍ! ዳቦ ሻጩ መነጽር የለውም።»

የመኪናው ኮፈን ላይ ጨርቅ ዘርግታ ሥራዋን ጀመረች። ሁለተኛው ጓጉንቸር ላይ አንድ ፒን፣ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ከወረንጦዋ አምልጣ ሣሩ ውስጥ ወደቀች። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ብላ ጮኸች። አምስት ዓመት ሲታኮሱ የኖሩ ሁለት መኮንኖች በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ራስ ለራስ እየተጋጩ፣ ሣሩን እንደ ፀጉር ይፈልጉት ጀመር። ያገኛት መቶ አለቃው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ይኖራል። ሲያልቅ ቆጣሪው ሦስቱን ቁልፍ በሦስቱ ጓጉንቸር፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ጊዜ ሞከረ። ሦስት ጊዜ ተከፈተ፣ ስድስት ጊዜ እምቢ አለ። ጻፈው።

በስድሳኛው ቀን ልጇ መጣ። ከስቷል፣ ቁመት ጨምሯል፣ ጢም የሚመስል ነገር አብቅሏል። አያቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለደቂቃዎች አልለቀቁትም። ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ ሱቁም ቤቱም ሞልቶ ሲያበቃ፣ ሰው ወጥቶ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። እትዬ ቁልፌ ትኩስ ሾርባ አቀረበችለት፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሳያነበው ከሷ እንዲሰማ ፈልጋለች። ስለ ወረቀቱ ጥቅል ነገረችው።

«ወደዚያ ቢሮ ስሄድ አንተን እንደማስቀር አውቄ ነው የሄድኩት። ሳላውቅ አይደለም። ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስንተኛው ቀን ነበር?»

«አርባ አንደኛው።»

«አርባ አንደኛው ቀን ላይ…» አለና ጥቂት አሰበ። «አሥራ ዘጠኝ ቀረኝ እያልኩ የድንኳኑ እንጨት ላይ በቢላ እጭር ነበር እማዬ። ያን ቀን መጥተሽ ብትጠይቂኝ ‹ዝም በይ› ነበር የምልሽ። ለምኜሽ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ።»

እትዬ ቁልፌ አንገቷን ደፋች። በነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ከሻምበሉም ከመቶ አለቃውም ይልቅ የፈራችው ይህን ቃል ነበር።

«እንኳንም እኔን አልጠየቅሽኝ» አለ ልጇ።

«እኔን ግን ጠይቃኛለች» አሉ አያቱ ከወንበራቸው። «እኔም ዝም በይ ነው ያልኳት። እኔን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር እግዜር ይወቀው። ብላ እንግዲህ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

ልጁ እየሳቀ ማንኪያውን አነሳ፤ እናቱም ገና ያላለቀው ሳህን ላይ እንደገና ቀዳችለት።